በውርጭ ሌሊት የሚነቃው ማን ነው?

የዛሬው ጨዋታችን ስለ ወይን ነው። ስለ መጠጣቱ ሳይሆን ስለ መጠበቁ፤ ያውም ሌሊት ሌሊት ስለ መጠበቁ።

መጋቢት 29 ቀን 2013 ዓ.ም. ለ30 አጥቢያ (በፈረንጆቹ ኤፕሪል 7 ለ8 ቀን 2021 መሆኑ ነው) በፈረንሳይ ወይን አብቃይ መንደሮች ብዙ ቤተሰብ እንቅልፍ የሚባል ነገር አላየም። ከዚያ ቀደም ብሎ የነበሩት ቀናት ያለ ወቅታቸው ሞቃት ስለነበሩ ወይኑ ብርዱ አለፈ ብሎ ተታሎ አቆጥቁጦ ነበር። ወዲያው ከሰሜን የመጣ ቀዝቃዛ አየር አገሩን ወረረው። በአንዳንድ ሥፍራ ቴርሞሜትሩ ከዜሮ በታች 5 እና 6 ዲግሪ ድረስ ወረደ። ሻብሊ በምትባለው የነጭ ወይን አገር፣ በየተዳፋቱ በወይኑ ረድፎች መሐል በሺዎች የሚቆጠሩ ትልልቅ ሻማዎች ሲነዱ የሚያሳየውን ፎቶግራፍ ምናልባት አይታችሁት ይሆናል። ከሩቅ ሲያዩት በዓል ይመስላል፤ ላቀጣጠሉት ሰዎች ግን የዓመት እንጀራቸው ጉዳይ ነበር። ያን ጊዜ የነበሩት የአገሪቱ የግብርና ሚኒስትር ዡሊያን ደኖርማንዲ ጥፋቱን ምናልባትም የ21ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ካያቸው የግብርና አደጋዎች ሁሉ የከፋው ነው እስከ ማለት ደርሰዋል።

ውርጭን ለደጋ ሰው ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው። በጥቅምትና በኅዳር፣ ሰማዩ ጥርት ባለ፣ ነፋስም በሌለበት ሌሊት፣ ማሳውን አጥቁሮ የሚያድረውን ነገር አያቶቻችን ከማንም በላይ ያውቁታል። ወይንም እንደዚያው ነው። እንቅልፍ ላይ ያለ የወይን ግንድ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪን ምንም ሳይመስለው ያሳልፋል። ለጋው ቡቃያ ብቅ ካለ በኋላ ግን ከዜሮ በታች 1 ወይም 2 ዲግሪ ለጥቂት ሰዓት ከቆየበት ጠውልጎ ይጠቁራል። ተክሉ አይሞትም። ቆይቶ ሌላ ቡቃያ ያወጣል፤ ይህኛው ግን ፍሬው ጥቂት ነው። አንድ ሌሊት የዓመቱን ገቢ ይዞት ይሄዳል ማለት ነው።

ታዲያ ያን ሌሊት የሚነቃው ማን ነው? ድሮ የቤቱ አባወራ ወይም አያትየው ነበሩ። ባትሪ ይዘው፣ ካፖርት ደርበው፣ በየሰዓቱ ወጥተው እንጨት ላይ የተንጠለጠለውን ቴርሞሜትር ያያሉ። ተመልሰው ጋደም ይላሉ፤ እንቅልፍ ግን የለም። የውርጭ ስጋት የአንድ ቀን ነገር ቢሆን ምንም አልነበረም። እዚያ አገር ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ግንቦት መጀመሪያ ገደማ የሚዘልቅ ነው። ቀን ሥራ፣ ሌሊት ጥበቃ። ከአራስ ቤት ያላነሰ ነው ብትሉ አልተሳሳታችሁም።

ዛሬ ይህን ጥበቃ በብዙ ቦታ ገመድ አልባ ሴንሰር ወስዶታል። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ሴንሰር ስንል ምን ማለታችን እንደሆነ እንይ። መዳፍ የምታክል ሳጥን ናት። ሙቀት የምትለካበት ጫፍ፣ አንዲት ትንሽ ሬዲዮ እና ባትሪ አላት። የማያውቋት ሰዎች ቀን ከሌሊት ነቅታ የምትጠብቅ ይመስላቸዋል፤ እሷ ግን አብዛኛውን ጊዜዋን የምታሳልፈው በእንቅልፍ ነው። በየ10 ወይም በየ15 ደቂቃው ብንን ትልና ሙቀቱን ለክታ፣ ቁጥሩን በሬዲዮ ልካ መልሳ ትተኛለች። ባትሪዋ ለዓመታት የሚቆየውም ለዚህ ነው። ቁጥሩን ቤት ጣሪያ ላይ የተሰቀለ ተቀባይ ይይዘዋል፤ ከዚያም በኢንተርኔት አድርጎ ገበሬው ስልክ ላይ ይደርሳል። ሙቀቱ ከተወሰነው በታች ሲወርድ ስልኩ ይጮኻል።

ሐሳቡ ትናንት የመጣ አይደለም። ከ20 ዓመት በፊት የኢንቴል ኩባንያ ተመራማሪዎች በምዕራብ ካናዳ፣ ኦካናጋን በሚባል ሸለቆ ውስጥ በሚገኝ የወይን እርሻ 65 እንዲህ ዓይነት ሳጥኖች ተክለው ነበር። ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። የእነዚያ ሳጥኖች ሬዲዮ አቅሙ ደካማ ስለነበረ አንዱ ለአንዱ እየተቀባበለ ነበር መልእክቱን የሚያደርሰው፤ ልክ እረኞች ከጉብታ ወደ ጉብታ እየተጣሩ ወሬ እንደሚያደርሱት። እኔ በዚህ ሥራ የወደድኩት ግን ሳጥኖቹን አይደለም። ሰዎቹ መሣሪያ ከመትከላቸው በፊት ወደ እርሻዎች ወርደው ባለቤቱን፣ ኃላፊውን እና የቀን ሠራተኛውን ሥራቸው ላይ እያሉ መመልከታቸውንና መጠየቃቸውን ነው። ሦስቱም የሚፈልጉት ለየቅል ሆኖ ተገኘ። ቀኑን ሙሉ በማሳው ውስጥ የሚዘዋወር ሰው ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ የቁጥር መዓት የሚያነብበት ጊዜ የለውም፤ የሚፈልገው ዛሬ የት መሄድ እንዳለበት እንዲነገረው ነው። መረጃውን የሚሰበስበው ማን ይሁን ሲባልም፣ መቼም ቀኑን ሙሉ በማሳው ውስጥ ይሯሯጣሉ ተብሎ የእርሻው ውሾች አንገት ላይ ተቀባይ የማሰር ሐሳብ ቀርቦ ነበር። የልጅ ልጆቻችሁ ይህን ቢሰሙ ውሻውን መጨረሻ የሚያየው የለም።

ለምን 65? አንድ ቴርሞሜትር አይበቃም ወይ? አይበቃም። ቀዝቃዛ አየር ከሞቃቱ ይከብዳል፤ ሌሊት እንደ ውሃ ተዳፋቱን ይዞ ይወርድና ጎድጎድ ያለ ቦታ ሲያገኝ ይተኛል። በመንገዱ ላይ አጥር ወይም ግንብ ካለ እዚያ ይገደብና ኩሬ ይሠራል። በአንድ ማሳ ውስጥ ላይኛው ጫፍ ደህና አድሮ ታችኛው ማዕዘን ሊነድ ይችላል። ከመንደሩ 20 ኪሎ ሜትር ርቆ ያለ የሜትዎሮሎጂ ጣቢያ 3 ዲግሪ ሙቀት ነው ሲል የእርስዎ ታችኛው ማዕዘን ከዜሮ በታች ሊሆን ይችላል። ደጋ ላይ ያደጉ ሰዎች ይህን ያለ መሣሪያ ያውቁታል። ጎጆአቸውን የሚቀልሱት ሸለቆው ሆድ ውስጥ ሳይሆን ከፍ ብሎ ተዳፋቱ ላይ መሆኑ ያለ ምክንያት አይደለም።

እዚህ ላይ ነው መሣሪያው አያትየውን የሚፈልጋቸው። ብዙ ገበሬ ለሁሉም ማዕዘን የሚበቃ ሴንሰር መግዛት አይችልም፤ አራት ወይም አምስት ቢኖረው ነው። አምስቱ የት ይተከሉ? መልሱን ሻጩ አያውቀውም። የሚያውቀው ከ40 ዓመት በፊት የትኛው ጥግ ቀድሞ እንደጠቆረ፣ ቅጥሩ ከተሠራ ወዲህ ብርዱ ወዴት እንደዞረ ያየ ሰው ነው። መሣሪያውን መልካም ቦታ ላይ፣ ፀሐይ በሚያገኘውና ለመድረስ በሚመቸው በበሩ አጠገብ የተከለ ሰው ገንዘቡን ለጌጥ አውጥቷል። መተከል ያለበት ለመሄድ በሚያስጠላው፣ እርጥበት በማይለየው ጎድጓዳ ሥፍራ ነው። ደግሞም በሰው ቁመት ልክ ሳይሆን ቡቃያው ባለበት ቁመት።

ሌላም የማይነገር ጣጣ አለው። እነዚያ ሬዲዮዎች ወይኑ ራቁቱን ባለበት ወቅት ሲተከሉ ጥሩ ይሠራሉ። ቅጠሉ ሲደልብ ግን መልእክት መጥፋት ይጀምራል። ቅጠል አብዛኛው ውሃ ነው፤ ውሃ ደግሞ በተለይ በአንዳንድ ድግግሞሽ የሚሠራን የሬዲዮ ሞገድ ይውጠዋል። አንቴናውን ከቅጠሉ በላይ ከፍ ማድረግ ግድ ይላል። አሁን ያሉት እንደ ሎራ ያሉት የሬዲዮ ዓይነቶች ብዙ ኪሎ ሜትር የመጓዝ አቅም ስላላቸው ችግሩን አቃለውታል እንጂ አላጠፉትም።

ስልኩ ጮኸ እንበል። ከዚያስ? ቁጥሩ ርካሽ ነው፤ ውሳኔው ነው ውዱ። ሻማ የምላችሁ የቤቱን ዓይነት አይደለም፤ ባልዲ በሚያክል ቆርቆሮ የተሞላ ሰም ነው። ለአንድ ሄክታር በመቶዎች የሚቆጠር ያስፈልጋል። አንዴ ከተለኮሰ የሚቆየው ለአንድ ሌሊት ገደማ ነው። በከንቱ የለኮሰ ሰው ገንዘቡን አነደደ፤ ዘግይቶ የለኮሰ ምርቱን አጣ። ሁለተኛው መንገድ ትልልቅ ማራገቢያ ነው፤ ከላይ ያለውን ሞቅ ያለ አየር ወደ ታች ይመልሰዋል። ሦስተኛው ደግሞ መጀመሪያ የሰማ ሰው የማያምነው ነው። ቡቃያው ላይ ውሃ ይረጩበታል! ውሃው በረዶ ሲሆን ሙቀት ይለቃል፤ በበረዶ የተጀቦነው ቡቃያም ዜሮ አካባቢ ይቆያል፤ ከዚያ በታች አይወርድም። ነገር ግን ፀሐይ ወጥታ በረዶው መቅለጥ ሳይጀምር ውሃው ከተቋረጠ ጨርሶ ካለመጀመር ይብሳል። ሲጀመርም ቢሆን አየሩ ደረቅ ከሆነ የመጀመሪያው ውሃ እየተነነ ቡቃያውን ይበልጥ ያቀዘቅዘዋል። ከመታጠቢያ ቤት እርጥብ ገላውን ይዞ የወጣ ልጅ የሚንቀጠቀጠው ለዚህ አይደል? ስለዚህ ጥሩው ሴንሰር ሙቀቱን ብቻ ሳይሆን የአየሩንም እርጥበት ይለካል፤ ሁለቱን አቀናብሮ እርጥብ አካል ምን ያህል እንደሚቀዘቅዝ ያሰላል። ውሃው የሚከፈተው በዚህኛው ቁጥር ነው።

የስልኩን ጩኸት ስንት ላይ እናድርገው የሚለውም የቤተሰብ ምክር ይፈልጋል። ዜሮ ላይ ከተደረገ ሰው ለብሶ፣ ትራክተር አስነስቶ፣ ማሳው እስኪደርስ ረፍዷል። 5 ላይ ከተደረገ በየሌሊቱ ይጮኻል። “ጅብ መጣ” እያለ መንደሩን ሲያስሮጥ የነበረውን እረኛ ታውቁታላችሁ። ሦስት ሌሊት በከንቱ የቀሰቀሰ ስልክ በአራተኛው ሌሊት ይዘጋል፤ ውርጩ የሚመጣው ደግሞ በአምስተኛው ነው። ብዙዎቹ ሁለት ደወል ያደርጋሉ፤ አንዱ 2 ዲግሪ አካባቢ “ተዘጋጁ” የሚል፣ ሌላው ዜሮ አፋፍ ላይ “ውጡ” የሚል። የሚደወልለትም ሰው አንድ ብቻ ባይሆን ይሻላል። እኔ ብሆን አያትየውን ከዝርዝሩ አላወጣቸውም፤ መጀመሪያ ላይ ግን አላደርጋቸውም። በዚህ ዕድሜያቸው ሌሊት ተነስተው በርዶ በተጋገረ መሬት ላይ ከሚራመዱ ልጅየው ይውጣ፤ እሳቸው ደግሞ በስልክ “የታችኛውን አይተኸዋል?” ይበሉት።

ውርጩ ካለፈ በኋላ የሚመጣው ጠላት ሻጋታ ነው። ዳውኒ ሚልዲው የሚባለው የወይን በሽታ ከአሜሪካ ተጭኖ ፈረንሳይ የታየው እ.ኤ.አ. በ1878 ነው። መድኃኒቱ የተገኘበት ታሪክ ደስ ይላል። በቦርዶ አካባቢ መንገድ ዳር ያሉ እርሻዎች ባለቤቶች አላፊ አግዳሚው ፍሬውን እየቀጠፈ ስላስቸገራቸው መዳብና ኖራ በጥብጠው ቅጠሉ ላይ ይረጩ ነበር፤ መርዝ መስሎት እንዲፈራ። ሚላርዴ የሚባሉ የዩኒቨርሲቲ መምህር ሲያልፉ መንገድ ዳር ያለው ወይን ጤነኛ፣ ከውስጥ ያለው ግን የታመመ መሆኑን አስተዋሉ። ከዚያ ተነስተው እ.ኤ.አ. በ1885 “የቦርዶ ድብልቅ” ተብሎ የታወቀውን መድኃኒት ለዓለም አስተዋወቁ። ሌባ ለሳይንስ ያደረገው አስተዋጽኦ ነው እንበል?

ከዚያ ወዲህ ገበሬው በቀን መቁጠሪያ ይረጭ ጀመር፤ በየ10 ቀኑ፣ በየ2 ሳምንቱ፣ በሽታው ይኑር አይኑር። አሮጌ ገበሬዎች ግን ሌላ መለኪያ ነበራቸው፤ ሦስቱ አስሮች ይሉታል። ሙቀቱ 10 ዲግሪ ከደረሰ፣ ቡቃያው 10 ሴንቲ ሜትር ካደገ፣ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ከጣለ፣ በሽታው ሊነሳ ነውና ተነሱ። ሴንሰሩ ያደረገው ይህንኑ የአያቶች ስሌት ማጥራት ነው። ዝናቡን ይሰፍራል፤ ሙቀቱን ይለካል። ቅጠል መስሎ የተሠራች ስስ ሰሌዳ ደግሞ አለች። እውነተኛው ቅጠል ጤዛ ሲይዝ እሷም ትረጥባለች፤ ስንት ሰዓት እርጥብ ሆና እንደቆየች ትመዘግባለች። ሻጋታው ቅጠል ውስጥ ለመግባት ለሰዓታት የቆየ እርጥበት ይፈልጋልና፣ ሰሌዳዋ ቶሎ ከደረቀች መርጨት ላያስፈልግ ይችላል። “ሳይቃጠል በቅጠል” የሚለው ተረት እንዲህ ቃል በቃል ሲሠራ አይቼ አላውቅም።

አንድ ዙር መርጨት መቅረቱ ለገበሬው ገንዘብ ነው። ለወላጅ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2014 በዚያው በቦርዶ አካባቢ፣ ቪልነቭ በምትባል ትንሽ መንደር፣ ከትምህርት ቤት አጥር ሥር ባሉ የወይን ማሳዎች ላይ ፀረ ሻጋታ እየተረጨ ሳለ ተማሪዎቹ ውጪ ነበሩ። 23 ሕፃናትና አንዲት መምህርት ታመሙ፤ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የዓይንና የጉሮሮ መቆጣት። የፈረንሳይ ሕግ ነፋሱ በሰዓት ከ19 ኪሎ ሜትር በላይ ከሆነ እንዳይረጭ ይከለክላል። ሕጉ ከዚያ በፊትም ነበር። ግን ትራክተር ላይ የተቀመጠ ሰው 19ን ከ25 በምን ይለየዋል? በፊቱ ላይ በሚሰማው ንፋስ? ማሳው ዳር ላይ የቆመ የንፋስ መለኪያ ይለየዋል፤ ሰዓቱንም ቁጥሩንም መዝግቦ ያስቀምጣል። ለእኔ የዚህ ሁሉ መሣሪያ ትልቁ ጥቅም የወይኑ ጣዕም ማማሩ አይደለም። የነፋሱ መዝገብ አለመግባባት ሲነሳ ለወላጅም ለገበሬውም እኩል መመስከሩ ነው። የሚረጨውን ትምህርት ቤቱ ከሚለቀቅበት ሰዓት ጋር ማጣጣም ግን የመሣሪያ ሥራ አይደለም፤ ገበሬውና ርዕሰ መምህሩ ተነጋግረው የሚጨርሱት ነው።

ፍሬው ተለቅሞ ወደ መጥመቂያው ከገባ በኋላ ያለውን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ወይን ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ ባቱ (ዝዋይ) የበቀለው ወይን እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ በጠርሙስ ሆኖ ገበያ ላይ አለ። ባይኖርም ጠጅ የሚጥል ቤተሰብ ነገሩን ያውቀዋል። ብርዝ ጠጅ የሚሆነው ምን ሲሆን ነው? እርሾው ስኳሩን ይበላል፤ አልኮል፣ ጋዝ እና ሙቀት ያወጣል። ጠጅ በመጣል የታወቁ አንዲት ዘመዳችን ነበሩ። ጋኑን ከፍተው አያዩም ነበር፤ ጆሯቸውን ጠጋ አድርገው ያዳምጣሉ። “ገና ይንጫጫል፣ ተዉት” ይላሉ። ሌላ ቀን ደግሞ መዳፋቸውን ጎኑ ላይ አሳርፈው “በርዶታል፣ ልብስ አምጡ” ብለው ጋቢ ያለብሱታል። ዛሬ በትልልቅ መጥመቂያዎች ታንከር ውስጥ የሚቀመጠው ሴንሰር የሚሠራው ይህንኑ የጆሮና የመዳፍ ሥራ ነው። ነጭ ወይን ከ12 እስከ 18 ዲግሪ፣ ቀይ ወይን ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ባለው ውስጥ ቢፈላ ይመረጣል። ከ35 በላይ ካሻቀበ እርሾው ይታመማል፤ መፍላቱ መሐል ላይ ይቆምና ስኳሩ እንዳለ ይቀራል። አንድ ጋን በእጅ ይጠበቃል። አርባ ታንከር ግን፣ እያንዳንዱ ብዙ ሺህ ሊትር ይዞ፣ ሌሊቱን ሙሉ በራሱ ሙቀት ሲግል፣ የማን መዳፍ ይበቃል?

ስለ ጣዕሙ ይህን ያህል ካልን ይበቃናል። ስለ ጋዙ ግን ረጋ ብለን እንነጋገር፤ ሰው የሚሞትበት እሱ ነውና። አንድ ሊትር የወይን ጭማቂ ፈልቶ እስኪያበቃ ከ40 ሊትር በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም። ከአየር በአንድ ተኩል እጥፍ ያህል ይከብዳል፤ ስለዚህ ወደ ታች ወርዶ ወለሉ ላይ፣ ምድር ቤቱ ውስጥ፣ ባዶ ታንከር ሆድ ውስጥ ይተኛል። ንጹሕ አየር ውስጥ 0.04 በመቶ ነው። በብዙ አገሮች ሠራተኛ 8 ሰዓት እንዲውልበት የሚፈቀደው እስከ 0.5 በመቶ ነው። 10 በመቶ አካባቢ ሲደርስ ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ራሱን ይስታል።

በአውሮፓ ወይን ጠማቂዎች ለረጅም ዘመን ሻማ ይዘው ነበር ወደ ምድር ቤት የሚወርዱት፤ ሻማው ከጠፋ ይመለሳሉ። ብልሃቱ ከምንም ይሻላል፤ ግን ዘግይቶ የሚናገር ምስክር ነው። ሻማ የሚጠፋው ጋዙ ሰውን ከሚጎዳበት መጠን እጅግ ካለፈ በኋላ ነው። ከወገብ በላይ የያዙት ሻማ ደግሞ ጉልበት ላይ ያለውን አያውቅም። ስለዚህ ዛሬ የጋዝ ሴንሰሩ ከወለሉ ብዙም ሳይርቅ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ ማራገቢያውን ራሱ ያስነሳል፤ ከበሩ ውጪ መብራት ያበራል። ገመድ አልባ መሆኑ ዋጋ የሚያገኘው እዚህ ነው፤ ሰው በሩን ሳይከፍት ውስጡን ያውቃል። እንዲህ ያሉ አደጋዎች ሲደርሱ ክፉው ነገር የሚሞተው አንድ ሰው ብቻ አለመሆኑ ነው። አባት ይወድቃል፤ ልጅ አባቴን ብሎ ዘሎ ይገባል፤ ወንድም ይከተላል። ከውጪ ቆሞ እርዳታ መጥራት ለቤተሰብ ሰው ከሁሉ የሚከብድ ትእዛዝ ነው።

ይህን እዚህ የጻፍኩት ለፈረንሳዮች አይደለም። የእህል ጉድጓድ በሚቆፈርበት አገራችን ታላላቆቻችን ጉድጓዱ እንደተከፈተ ማንም አይግባ ይላሉ፤ እስኪተነፍስ ይጠብቃሉ። የታመቀ እህልም ይተነፍሳልና ያንኑ ጋዝ ያጠራቅማል። የደረቀ የውሃ ጉድጓድም እንዲሁ። ቤት ውስጥ ያለው የከሰል ነገር ግን የተለየ ነው። ከሰል የሚያወጣው ገዳይ ጋዝ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይባላል። ስማቸው ቢቀራረብም ሁለቱ አንድ አይደሉም፤ ለአንዱ የተሠራ ማንቂያ ለሌላው አይጮኽም። ከውጭ አገር ልጆቻችሁ የላኩላችሁ ማንቂያ ካለ ጀርባውን አስነብቡ፤ ለየትኛው ጋዝ እንደሆነ፣ ዕድሜውም መቼ እንደሚያበቃ ተጽፎበታል። ማንቂያ ኖረም አልኖረም፣ ያልጠፋ ከሰል ይዞ በተዘጋ ክፍል መተኛት የለም።

ወደ ወይኑ እንመለስ። አንዴ የተተከለ ወይን 50 ዓመትና ከዚያ በላይ ሊያፈራ ይችላል። አያት ተክሎ የልጅ ልጅ ይለቅማል ማለት ነው። በእንዲህ ያለ እርሻ የአንድ ዓመት ቁጥር ብዙ አይናገርም፤ የ15 ዓመት ተከታታይ መዝገብ ግን የትኛው ማዕዘን ሌላ ዝርያ ቢተከልበት እንደሚሻል ሊጠቁም ይችላል። ስለዚህ ወላጅ ልጁን “መዝገቡ የማን ነው?” ብሎ ማስጠየቅ አለበት። አንዳንዱ ኩባንያ ቁጥሩን የሚያስቀምጠው በራሱ ዘንድ ነው፤ ክፍያ ሲቋረጥ መዝገቡም አብሮ ይዘጋል። ውሉ ላይ መረጃውን አውጥቶ መውሰድ እንደሚቻል ያልተጻፈ ከሆነ እርሻው የራሱን ትዝታ ተከራይቶ ነው የሚኖረው። ከዚያ ጎን ለጎን አሮጌውን ደብተር መጣል ሞኝነት ነው። ሴንሰሩ በዚያ ሌሊት ሙቀቱ ከዜሮ በታች 2 ዲግሪ ነበር ይላል፤ ጎረቤት ቅጥር አፍርሶ እንደነበር ግን አይልም።

መሣሪያውን ራሱን ማን ይጠብቀው? ዓመታት ሲያልፉ መለኪያው መሳት ይጀምራል፤ በውርጭ ሌሊት ደግሞ የአንድ ዲግሪ ስሕተት ትልቅ ነው። መፈተኛው ከሁሉ የቀለለ ነው። የውርጭ ወቅት ከመድረሱ በፊት ባልዲ ሙሉ በረዶ ይደቀቅና ጥቂት ቀዝቃዛ ውሃ ይጨመርበታል፤ በደንብ ይማሰላል። ውሃ የማያስገባው የሴንሰሩ ጫፍ መሐሉ ላይ ባልዲውን ሳይነካ ለጥቂት ደቂቃ ይነከራል። ዜሮ ማለት አለበት። 1 ካለ፣ ያ ሳጥን በወቅቱ ሁሉ አንድ ዲግሪ እንደሚዋሽ ጀርባው ላይ ይጻፍበታል፤ ወይም ይቀየራል። የማእድ ቤት ቴርሞሜትር ያላችሁ ከልጅ ልጆቻችሁ ጋር ቤት ውስጥ ልትሞክሩት ትችላላችሁ፤ የትኩሳት መለኪያው ግን እስከዚያ ስለማይወርድ አይሆንም። በበረዶው ምትክ በሚፈላ ውሃ ልሞክር ያለ ልጅ ካለ፣ ቴርሞሜትሩ እዚህ አዲስ አበባ 92 ዲግሪ አካባቢ ሲቆም ተበላሽቷል ብሎ እንዳይጥለው። ከፍታው ነው። በረዶው ግን ሻብሊም ሆነ አዲስ አበባ ዜሮ ላይ ነው።